«ፀሐይ የአላህ ናት»፦ ስለ ምግብ፣ ስለ ካርቦንና ስለ ሸማቹ ኪስ ለድሬዳዋ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለድሬዳዋ አስተዳደር የንግድና የግብርና ሥራን ለሚመሩ ቢሮዎች
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የከተማችን ሸማች አነስተኛ የካርቦን ልቀት ላለው ምግብ ተጨማሪ ዋጋ እንዲከፍል ከመጠየቁ በፊት መቅደም ስላለበት ሥራ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ሰኔ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሁለት ወጣቶች መጠይቅ ይዘው ቀፊራ ወደሚገኘው ሱቄ መጡ። ትሑቶች ነበሩ፤ ላባቸውን እየጠረጉ ጥግ ይዘው ተራቸውን ጠበቁ። ዋናው ጥያቄያቸው እንዲህ ይላል፦ «ሲመረት፣ ሲጓጓዝና ሲዘጋጅ ወደ አየር የሚለቀው በካይ ጋዝ አነስተኛ የሆነ ምግብ ቢቀርብልዎ ከተለመደው ዋጋ ምን ያህል ጨምረው ይገዛሉ?» ምርጫው ምንም፣ አምስት በመቶ፣ አሥር በመቶ፣ ሃያ በመቶ ነው። ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞቼ ነበሩ። አንዷ አሥር አለች። ሁለተኛዋ «ለልጆቻችን የሚበጅ ከሆነ ሃያም ይሁን» አለች። ሦስተኛዋ ጥቂት አሰብ አድርጋ አምስት አለች። ወጣቶቹ አመስግነው ወጡ። ገና ከበሩ ሳይርቁ ሃያ በመቶ ያለችው ደንበኛዬ ከሁለት ኪሎ ሽንኩርት ላይ ሦስት ብር እንድቀንስላት ትከራከረኝ ጀመር። ቀነስኩላት። አራት ልጆች እንደምታሳድግ አውቃለሁ።

ይህችን እናት ዋሸች የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የጠየቃት እንግዳ ነው፣ የተማረ ነው፣ ለሀገር የሚበጅ ነገር ይዞ የመጣ ልጅ ነው። እንዲህ ላለ ልጅ ፊት ለፊት «አልከፍልም» ማለት ለእኛ ሰው ይከብደዋል። ይሉኝታ አለብን። መልሷ ከልቧ ነው፤ ቦርሳዋ ግን በዚያች ደቂቃ ከጥያቄው ውስጥ አልነበረም። ይህ የድሬ ሰው ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ ኢኮኖሚስቶች ከእኛ በፊት ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ባሕር ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ካፈሰሰች በኋላ፣ ሰው «ተፈጥሮን ለማዳን ይህን ያህል እከፍላለሁ» ሲል ቃሉ ምን ያህል ይታመናል የሚለው ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ክርክር አስነሣ። የኖቤል ተሸላሚዎቹ ኬኔት አሮውና ሮበርት ሶሎው የመሩት የባለሙያዎች ቡድን በ1993 ሪፖርቱን ሲያቀርብ፣ መላሹ የሚከፍለው ገንዘብ ከሌላ ወጪው ላይ እንደሚነሣ ከመመለሱ በፊት ሊነገረው ይገባል አለ። በእኛ ቋንቋ፣ ሽንኩርቱን በእጇ ይዛ ትመልስ ማለት ነው።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ እንዲህ የተሰበሰበ ቁጥር አንድ ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ መድረሱ የማይቀር በመሆኑ ነው። «ከድሬዳዋ ሸማቾች ይህን ያህሉ ጨምረው ለመክፈል ፈቃደኛ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዞ ይመጣል። ዓረፍተ ነገሩ ወደ ዕቅድ፣ ዕቅዱም ወደ ዋጋ ከመለወጡ በፊት ከገበያው ውስጥ ሆኜ የማየውን ልነግራችሁ እወዳለሁ። ለ19 ዓመታት በዚህች ከተማ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። እናቴ ስትደክም ደግሞ የእህልና የአትክልት ሱቋን ተረክቤ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ።

ለአየር ንብረት ጉዳይ ግድ ስለሌለኝ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሲወርድ እዚሁ ነበርኩ። ከ200 በላይ ሰዎች በአንድ ሌሊት አለቁ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ስም ስጠራ መልስ ያላገኘሁባቸው ሁለት ስሞች ነበሩ። ስሞቹን ከመዝገቡ ላይ በእስክሪብቶ ለመሰረዝ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ያ ጎርፍ የወረደው ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ነው፤ ተራሮቹ ደግሞ ዛፋቸው ለማገዶና ለእርሻ ተመንጥሮ ውኃ የሚይዝ ነገር አልቀረላቸውም ነበር። ምድጃችንና ደቻቱ እንደሚተዋወቁ የድሬ ሰው በደንብ ያውቃል።

ምግብ ከሙቀት አማቂ ጋዝ ጋር ያለው ግንኙነት ተራ ነገር አይደለም። ከእርሻው እስከ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ሲደመር በዓለም ላይ በሰው ሥራ ከሚለቀቀው ጋዝ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው። ከብት ሲያመሰኳ የሚያወጣው ሚቴን አለ፤ ውኃ ከተኛበት የሩዝ ማሳም ሚቴን ይወጣል፤ ማዳበሪያው፣ የተመነጠረው ደን፣ ምድጃው፣ ተበላሽቶ የሚጣለውም አለ። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የሀገሪቱን ዓመታዊ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ አድርጎ አስልቶት ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ነው የሚመጣው። ሆኖም ያው ሰነድ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ በዓመት ከ2 ቶን በታች፣ የአንድ የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ ደግሞ ከ10 ቶን በላይ መሆኑን ይናገራል። ሁለቱን ቁጥሮች ለያይቶ ማንበብ አይገባም።

አሁን የድሬን ማዕድ እንየው። ጠዋት መጋላ ውስጥ የሚቀርበው ፉል ባቄላ ነው። ከሐረርጌ ገበሬ ማሳ የሚመጣው ሙይራና ፈንዲሻ ማሽላ እንጀራም ገንፎም ይሆናል። የባቢሌ ኦቾሎኒ አለ፣ ቦሎቄ አለ፣ ምስር አለ፣ ሽሮ አለ። ኦርቶዶክሱ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ርቆ ይውላል። ብዙው ሙስሊም ጎረቤቴም ቢሆን ሥጋ የሚበላው ሲያገኝ ነው። አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ የሚያስከትለው ልቀት ከአንድ ኪሎ አተር ጋር ሲነጻጸር በዓለም አማካይ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ሌላው ዓለም ዛሬ «የወደፊቱ ምግብ» እያለ የሚሰብክለት ማዕድ ታዲያ ከእኛ ቤት ወጥቶ አያውቅም። በዓል ሲደርስ ብቻ ቅርጫ የሚገባ አባወራ ሥጋ ቀንስ ሊባል አይገባም። ሥጋ የምናወጣበትን በዓል ደግሞ እኔም አልነካም።

ስለዚህ አነስተኛ ካርቦን ያለው ምግብ ለድሬ ድሃ አዲስ ዕቃ አይደለም። አዲስ የሚሆንበት አሁን የሚበላው ምግብ ምልክት ተለጥፎበት፣ በፌስታል ታሽጎ፣ ተጨምሮበት ሲሸጥለት ነው። ኪኑዋ በተባለው የደቡብ አሜሪካ እህል የሆነውን የቦሊቪያ ገበያ ያዩ ሰዎች ያውቃሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 በፊት በነበሩት ዓመታት የሀብታም ሀገር ሸማች ሲፈልገው ዋጋው ጣራ ነካ። በእኛ ማሽላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲመጣ አልፈልግም።

አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ቀድሜ ላርም፤ ራሴም ለብዙ ጊዜ ይዤው ኖሬአለሁ። «ከቅርብ የመጣ ምግብ ካርቦኑ አነስተኛ ነው» ብዬ አምን ነበር። የጎጃም ጤፍ በጭነት መኪና ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሲመጣ ሳይ የሐረማያው ድንች ጻድቅ ይመስለኛል። ነገር ግን በአብዛኛው ምግብ ላይ የማጓጓዣው ድርሻ ከጠቅላላ ልቀቱ ከአሥር በመቶ በታች ነው። የሚወስነው ምግቡ ምን እንደሆነና እንዴት እንደተመረተ ነው። የሐረማያን ሐይቅ አስታውሱ። በ1990ዎቹ ደርቆ ልጆች ኳስ ተጫወቱበት፤ ውኃው የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከደረቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ለጫትና ለአትክልት ያለ ልክ የተሳበው ውኃ ነበር። ዛሬም በዚያ አካባቢ የአትክልት ማሳ ውስጥ ብትቆሙ የናፍጣ ሞተር ድምፅ ትሰማላችሁ። ሰላጣው ቅርብ ነው፤ ውኃው ግን ናፍጣ ጠጥቶ የወጣ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ራሴ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ ከናፍጣ ሞተር ወደ ፀሐይ ኃይል ፓምፕ ከተሸጋገረ አንድ ገበሬ በየቀኑ ሁለት ሳጥን ቲማቲም መውሰድ ጀመርኩ። ከሌላው ቲማቲም ለይቼ ደረደርኩትና በካርቶን ላይ በሦስት ቋንቋ «በፀሐይ ኃይል የለማ» ብዬ ጻፍኩበት። በኪሎ አምስት ብር ጨመርኩ፤ ከአምስቱ አራቱ የገበሬው ነው። የሆነውን ሁሉ ዕለት ዕለት በደብተር መዘገብኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ካርቶኑን ያነባል፣ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ጎን ካለው ርካሹ ይመዝናል። ሳጥኑ ሳይጋመስ ይመሻል። በሦስተኛው ቀን የእናቴ ደንበኛ የነበሩ አንዲት አዴ፣ በዕድሜ የገፉ እናት፣ መጡ፤ እኔን በስም አይጠሩኝም፣ ልጄ ነው የሚሉኝ። ካርቶኑን አነበብኩላቸው። ቲማቲሙን አገላብጠው አዩና «ፀሐይ የአላህ ናት ልጄ። በናፍጣ ሲያጠጣ ያልጨመርሽብኝን ዛሬ በነፃው ፀሐይ ሲያጠጣ ለምን ትጨምሪብኛለሽ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከተለመደው ቲማቲም አንድ ኪሎ መዝኜ ሰጠኋቸውና ሲሄዱ ጥያቄያቸው ሱቄ ውስጥ ቀረ።

እውነታቸውን ነበርና ገበሬውን ጠየቅሁት። ናፍጣ መግዛት በማቆሙ የዕለት ወጪው ወርዷል። የሚጨንቀው ፓነሉንና ፓምፑን ሲገዛ ከዘመድ የተበደረው ገንዘብ ነው። እኔ በኪሎ የጨመርኩት አምስት ብር ያንን ዕዳ እየቆነጠረ ለመክፈል ነበር ማለት ነው። ዕዳው ተገቢ ነው፤ መክፈያው ግን አይደለም። አንድ ጊዜ ለሚወጣ ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ የአዴን ቅርጫት ከምንቆነጥር፣ ለገበሬው በአነስተኛ ወለድ የረጅም ጊዜ ብድር ቢመቻችለት ቲማቲሙ ሊረክስ ይችል ነበር። እንደ እኔ እምነት ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው፦ ካርቦን የሚቀንሰው ምግብ ብዙ ጊዜ መነሻው ላይ ውድ፣ ከዚያ በኋላ ርካሽ ነው። መነሻውን የሚሸከም ከተገኘ ሸማቹ ተጨማሪ መክፈሉ ቀርቶ ሊቀነስለት ይችላል።

በሁለተኛው ሳምንት ካርቶኑን ለወጥኩት። «ዛሬ ጠዋት የተለቀመ፤ አራት ቀን ይቆያል» አልኩ። ዋጋው ያው ነው፣ ቲማቲሙም ያው ነው። ከቀትር በፊት ያልቅ ጀመር። ከአምስት ብሩ በላይ የሚያሳስባቸው ሐሙስ የገዙት ቲማቲም ቅዳሜ መበስበሱ ነበር። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ድሬን በመሰለ ሙቀት ውስጥ ለሁለት ቀን ዕድሜ ገንዘብ ይከፍላል። ልጄ ደብተሩን አይታ «እማ፣ ይህ እኮ ፈቃደኝነት ነው» አለችኝ። አዎ፣ ነው። የድሬ ሰው ጨምሮ መክፈል ያውቅበታል። የአበሻ እንቁላል ከፈረንጅ እንቁላል በላይ ሲከፈልበት፣ ማኛ ጤፍ ከሰርገኛ በላይ ሲከፈልበት፣ የበረሃ ማር ሲመረጥ ቆይቷል። እነዚህ ሁሉ በምላስ፣ በዓይን፣ በእጅ የሚመረመሩ ናቸው። ካርቦን ግን አይታይም፣ አይቀመስም፣ አይሸትም። የማይታየውን ነገር ሰው የሚከፍልበት ያየለትን ሲያምን ብቻ ነው።

እምነት ደግሞ በገበያችን ብዙ ተጎድቷል። በርበሬ ከሸክላ ጋር፣ ቅቤ ከሌላ ስብ ጋር ይቀላቀላል እየተባለ ስንሰማ ኖረናል። ነጋዴ ነኝና ሳላድበሰብስ እናገራለሁ፦ ነገ «አነስተኛ ካርቦን» የሚል ምልክት ያለ ተቆጣጣሪ ቢፈቀድ በሳምንቱ ከገበያው ግማሽ ምልክቱን ለጥፎ ያድራል። ቁጥጥሩ ቢኖር እንኳ ሥራው ከባድ ነው። ቴስኮ የተባለው የእንግሊዝ ትልቅ የችርቻሮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሰባ ሺህ በሚሆኑ ዕቃዎቹ ሁሉ ላይ የካርቦን መጠን አሰፍራለሁ ብሎ ነበር። የአንዱን ዕቃ ስሌት መጨረስ ወራት እየፈጀበት፣ ሌሎቹ ነጋዴዎችም ሳይከተሉት ቀርተው በ2012 ተወው። ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ኩባንያ ያልዘለቀውን እኛ በመጀመሪያው እርምጃችን ልንጀምርበት አይገባም።

ከቲማቲሙ ይልቅ ግን ዕንቅልፍ የሚነሣኝ ከሰሉ ነው።

ባቄላና ቦሎቄ የሚወስዱ ሰዎች ለምን እየቀነሱ፣ ፓስታና ሩዝ የሚወስዱት ለምን እየበዙ እንደሄዱ ለዓመታት ሳስብ ቆይቻለሁ። የሚወዱት ጣዕሙን ይሆናል፣ ልጆች ይወዱታል እል ነበር። አንድ ቀን ሳቢያን የምትኖር አንዲት ደንበኛዬ ሁለት ኪሎ ፓስታ ስትወስድ ቦሎቄው እኮ ይረክሳል አልኳት። «ቦሎቄው ርካሽ ነው፣ ውዱ ከሰሉ ነው» አለችኝ። ፓስታ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይበስላል፤ ቦሎቄ ከማታ ተዘፍዝፎ አድሮ እንኳ ሰዓታት ይፈልጋል። ከማሳ ላይ ካርቦኑ አነስተኛ የሆነው እህል የእኛ ምድጃ ላይ ሲደርስ የግራር ጆንያ ይበላል። ያ ከሰል ከሶማሌ በረሃ ግራር ወይም ከተራራው ዛፍ ነው የሚመጣው። ለዚህች ሴት ለጥራጥሬ ተጨማሪ ክፈይ ማለት፣ በከሰል ቀድማ የከፈለችውን እንደገና መጠየቅ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ መጋላ ውስጥ በየጠዋቱ እናየዋለን። ፉል የሚቀቅሉት ሰዎች አንድ ትልቅ ድስት ሌሊቱን ጥደው ለስንት ቤት ቁርስ ያበስላሉ። መቶ ቤት ለየብቻ ከሚያነደው እሳት በአንድ ድስት ዙሪያ የሚነደው በጣም ያነሰ ነው። እነዚህን ሰዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትልቅ ማብሰያ በብድር እንዲያገኙ አግዟቸው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ስለሆነ ባቄላው ከማሳ እስከ ሳህን ካርቦኑ አነስተኛ ይሆናል። የተቀቀለ ቦሎቄና ሽምብራ በኪሎ እየተመዘነ ቢሸጥ፣ የሳቢያኗ ደንበኛዬ ከሰል የምታወጣበትን ሳንቲም ለዚያ ብታውል ደስ ይላታል። ይህኛውን ጭማሪ ማንም ሳይጠይቃት ትከፍላለች።

ስለ ሙቀቱም ሌላ ነገር ልጨምር። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄን ልዘጋ ስል የማደርገው የመጨረሻ ሥራ መለየት ነው። የቀረውን ቲማቲም አንድ በአንድ በእጄ እይዛለሁ፤ ጠንካራው ለነገ፣ የላላው ለምሳ ቤቶች በግማሽ ዋጋ፣ የፈነዳው ለፍየል። በግንቦትና በሰኔ ከሳጥኑ አንድ ሦስተኛ የሚደርሰው ወደ ፍየል የሄደበት ቀን ብዙ ነው። ያ ቲማቲም ውኃ ወስዷል፣ ማዳበሪያ ወስዷል፣ ናፍጣ ወስዷል፣ የገበሬ ወገብ ወስዷል። በዓለም ደረጃ ምግብ ከመባከኑ የተነሣ የሚለቀቀው ጋዝ ከጠቅላላው ከስምንት እስከ አሥር በመቶ ይሆናል። የባከነውን ዋጋ ደግሞ እኔ ያልባከነው ላይ ጨምሬ ነው የምሸጠው፤ አለዚያ ሱቁ ይዘጋል። ስለዚህ ሸማቹ ዛሬም ለካርቦን ተጨማሪ እየከፈለ ነው፤ ለመቀነሱ ግን አይደለም፣ ለብክነቱ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው የቀፊራ መደብ ላይ የፀሐይ መከላከያ ጥላ፣ ውኃና በጋራ የምንጠቀምበት ቀዝቃዛ ማቆያ ክፍል ነው። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ በውኃ በረጠበ ግድግዳ ብቻ የሚቀዘቅዝ ክፍል እንኳ ብዙ ይረዳል፤ የእንስራ ውኃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ነጋዴዎች ኪራይ ለመክፈል ፈቃደኛ ነን። የእኔን ፈቃደኝነት በመጠይቅ መለካት አያስፈልግም፤ ውል አምጡልኝ፣ እፈርማለሁ።

እንግዲህ ቀድሞ ጨምሮ መክፈል ያለበት ማን ነው? እኔ የማውቀው ትልቁ ገዢ ራሱ መንግሥት ነው። የተማሪዎች ምገባ፣ የሆስፒታል፣ የማረሚያ ቤት፣ የዩኒቨርሲቲ ምግብ ቤት በየቀኑ የሚገዛው እህል የእኔን ዓይነት መቶ ሱቅ ያጠቃልላል። የተቋማቱ ግዢ «በዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል» ከሚለው ባሻገር ሄዶ ከሐረርጌ ገበሬ ማኅበራት ማሽላ፣ ቦሎቄና ኦቾሎኒ በተሻለ ዋጋ በውል ቢገዛ፣ ገበሬው ብድሩን የሚከፍልበት ያገኛል፤ የአዴም ቅርጫት አይነካም። ማሽላ ድርቅን ችሎ የሚያፈራ እህል ነው። በዚህች ሀገር የማሽላ ምርምር የተጀመረው እዚሁ ጎረቤታችን፣ ያኔ አለማያ ይባል በነበረው ኮሌጅ ነው። ከዚያው የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋም ማሽላ ነው። ይህ ሁሉ እውቀት በአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ተቀምጦ የልጆቻችን የትምህርት ቤት ምሳ በጂቡቲ ወደብ በመጣ ሩዝ መሆን የለበትም።

ከመንግሥት ቀጥሎ የሚችሉት አሉ። ከዚራ ያሉ ሆቴሎች፣ የስብሰባ አዳራሾች፣ ለአውደ ጥናት መስተንግዶ በጀት የሚይዙ መሥሪያ ቤቶች። ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሚመክር ስብሰባ ላይ ከሐረርጌ ማሽላ፣ ከጥራጥሬና ከአካባቢው አትክልት የተሠራ ምሳ ቢቀርብና ተጨማሪው ዋጋ ከዚያ በጀት ቢከፈል ከመቶ መጠይቅ የበለጠ ያስተምራል። እነዚህ ገዢዎች ከበቂ በላይ አላቸው፣ ጥቂትም ስለሆኑ መቆጣጠር ይቻላል። ምልክቱም ከእነርሱ ይጀምር፤ ከየት እንደመጣ፣ በምን ውኃ እንደለማ፣ ማን እንዳመረተው በሚገልጽ አንድ ሰሌዳ። የካርቦን ቁጥር አይጻፍበት። የምናየውን እንጻፍ፤ የፀሐይ ፓምፕ አለ ወይም የለም፣ ሄዶ ማየት ይቻላል።

ወደ ሸማቹ የሚመጣበት ቀንም ይኖራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዘይቱ፣ የሩዙና የነዳጁ ዋጋ የት እንደደረሰ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ያ ቀን ዛሬ አይደለም። ሲመጣ ግን እባካችሁ ከጭማሪው ውስጥ ስንቱ ገበሬው እጅ እንደሚደርስ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከአምስት ብሩ አራቱ የገበሬው መሆኑን ስነግራቸው ከርካሹ ትተው ከውዱ የገዙ ሰዎች በደብተሬ ላይ አሉ። አንዱ የጋሪ ነጂ ነው። «ገበሬው ካገኘው ግድ የለም» ብሎ ግማሽ ኪሎ ወሰደ፤ ግማሽ ኪሎ ብቻ፣ ለዚያች ቀን የያዘው ያን ያህል ነበር።

የምጠይቀው ስብሰባ አይደለም። ከመካከላችሁ አንድ ባለሙያ ላኩልኝ፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቲማቲሙ ከመኪና ሲወርድ ጀምሮ ማታ እስከምለይ ድረስ አንድ ቀን አብሮኝ ይዋል። ደብተሩን አሳየዋለሁ። ገበሬውም ማሳውን ለማሳየት ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል፤ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ሱቄ ይመጣል፣ ተመልሶ ሲሄድ መኪናው ላይ ባዶ ቦታ አለ።

ከአክብሮት ጋር
የእህልና የአትክልት ነጋዴ፣ ቀፊራ ገበያ
ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.